ፋቫ ባቄላ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቅጂ እገዛለሁ። ቀን ደንበኞቼ ሲቀባበሉት ይውላሉ፤ ማታ ወንበሩ ተነሥቶ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ተራው የእኔ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ሳንቶሪኒ ደሴት ባህላዊ ምግቦች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት በደስታ ነበር፤ ያቺን የግሪክ ደሴት አውቃታለሁና። ሁለተኛውን ግን ያነበብኩት እየተቆጨሁ ነው። ጽሑፉ መካከል ላይ «ፋቫ ከባቄላ ክክ የሚሠራ፣ ሽሮ የሚመስል ምግብ ነው» ይላል። የሳንቶሪኒ ፋቫ ባቄላ አይደለም። ይህን አርሙልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። አንዲት ቃል ለምን ይህን ያህል እንደቆረቆረችኝም እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፋቫ የሚሉት ባቄላን ነው። ግሪኮች ግን ባቄላን «ኩኪያ» ነው የሚሉት። ለእነሱ ፋቫ ማለት ጥራጥሬው ተከክቶ፣ ተቀቅሎ፣ እንደ ገንፎ እስኪልም የበሰለው ምግብ ነው፤ በሌላው የግሪክ አገር ብዙ ጊዜ ከአተር ክክ ይሠሩታል። የሳንቶሪኒው የራሱ ዘር አለው። በሳይንሱ ላቲረስ ክሊመነም ይባላል። የእኛ ጓያ ደግሞ ላቲረስ ሳቲቨስ ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ጓያ የሚለውን ቃል ያነበበ የደምቢያና የፎገራ ሰው እዚህ ላይ ቆም እንደሚል አውቃለሁ። እኔም የቆምኩት እዚያው ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ አቴንስ ሄጄ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተቀጠርኩ። የቤቱ አያት ሳንቶሪኒ ውስጥ ፒርጎስ በምትባል መንደር ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር፣ በየዓመቱ ከግንቦት እስከ መስከረም እሳቸውን እንድጦር ወደ ደሴቲቱ ይልኩኝ ነበር። ሰባት በጋ እንዲህ አሳለፍኩ። መንደሩ ሁሉ «ያያ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔም ያያ አልኳቸው።

ደሴቲቱ ከእሳተ ገሞራ የተረፈች ናት። ወንዝ የላትም። በክረምታቸው ጥቂት ይዘንባል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ጠብ አይልም። አፈሩ አመድና ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቀላል ድንጋይ ነው። ሌሊት ከባሕሩ የሚነሣውን ጉም ያ ድንጋይ ይመጠውና ቀስ እያለ ለሥሩ ያጠጣል። ወይኑን ነፋስ እንዳይሰባብረው ሐረጉን ጠምዝዘው እንደ መሶብ ያከቡታል፤ ዘለላው መሬት ለመሬት፣ መሶቡ ውስጥ ተሸሽጎ ይበስላል። ቲማቲማቸው ትንንሽ ነው፤ ውኃ ሳይጠጣ ስለሚያድግ ቆዳው ወፍራም፣ ጣዕሙ የተሰበሰበ ነው። ጣናን እያየ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ተአምር ነው የሚመስለው። እኛ ውኃው ደጃችን ላይ ተኝቷል።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ የያያ ዘመዶች አጨዳ እንዳግዛቸው ወሰዱኝ። ገና ሳይነጋ ነበር የሄድነው። ፀሐይ ከመታው ቆባው ፈንድቶ ፍሬው ስለሚረግፍ ጤዛው ሳይደርቅ መነቀል አለበት። እጄን ሰድጄ የመጀመሪያውን ሐረግ ሳብ ሳደርግ አወቅኩት። ግንዱ ግራና ቀኝ ክንፍ አለው፤ ጫፉ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚጠመጥም ቀጭን ክር አለ። ልጅ ሆኜ ደምቢያ፣ እናቴ አገር፣ ስንት ጊዜ ነቅየዋለሁ! ፍሬው ብቻ ይለያል። የጓያ ፍሬ እንደ ሽብልቅ ማዕዘን ማዕዘን አለው፤ የእነሱ ከበብ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ምን እንደሚባል ስጠይቅ «አራካስ» አሉኝ። የሳይንስ ስሙን ግብርና የተማረው የያያ የልጅ ልጅ ነው በወረቀት የጻፈልኝ። ወረቀቷ እስከ ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያያ የአምናውን ክክ ለቀሙ፣ አጠቡና ከአንድ ሙሉ ሽንኩርት ጋር ጣዱት። አረፋውን እየገፈፉ፣ እሳቱን ዝቅ አድርገው ረጅም ሰዓት አበሰሉት። ማማሰያው ሲከብዳቸው ክዳኑን ብድግ አደረጉና «ነይ ልጄ፣ አሽትቺው» አሉኝ። ወደ ኋላ ዘልዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ያያ ደነገጡ፤ እንፋሎቱ ያቃጠለኝ መሰላቸው።

አላቃጠለኝም። እናቴ ጓያ ስትቀቅል እኛን ልጆቹን ከቤት ታስወጣን ነበር። «እንፋሎቱ ይሰብራል» ትል ነበር። በአገራችን ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እንፋሎቱ ይመታል፣ ገለባው ላይ የተኛ ሽባ ይሆናል ይባላል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ኦዳፕ ይሉታል። ሰውን የሚሰብረው ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻውን ወይም ከሌላው እህል በዝቶ ለወራት ሲበላ ነው። እናቴ ይህን አላወቀችም። ያወቀችው ወንድሟን ነው።

በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ ጓያ ብዙ ሰው ሰበረ። አጎቴ ያኔ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ማታ ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው፤ ጠዋት ሲነሣ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። በእግሩ ጣቶች እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጠላለፉ መራመድ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ዱላ፣ ከዚያ ሁለት ዱላ ያዘ። ሕመሙ አንዴ ከያዘ አይመለስም፤ በአብዛኛውም የሚይዘው እንደ እሱ ያለውን፣ ጉልበቱ ለሥራ የሚፈለገውን ወጣት ወንድ ነው። ድርቅ ሲመታ ጤፉም ሽምብራውም ሲከዳ ሳይከዳ የሚቀረው ጓያ ነው። ውኃ የተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ይበቅላል፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ በቀረው እርጥበት ፍሬ ይሰጣል። ዛሬም ፎገራ ላይ ሩዙን ተከትሎ ይዘራል። ሰውን ከረኃብ ያተረፈውም የሰበረውም ያው አንድ እህል ነው። በዚህ ምክንያት በቤታችን ስሙ ሲጠራ ድምፅ ዝቅ ይል ነበር።

ያያን አልዋሸኋቸውም፤ በተሰባበረ ግሪክኛዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ድስቱን ከእሳቱ አወረዱ። በዚያ ዓመት እኔ ባለሁበት ፋቫ አልሠሩም።

የበላሁት በሦስተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ነው። እነሱ ጾሙን ከእኛ ስድስት ቀን ቀድመው ይይዙና በእኛ ነሐሴ 9 ቀን ይፈስካሉ። የእኔ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል። በጾማቸው ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ፤ ደም የለውም ይላሉ። እኔ ግን ያንንም አልነካም ነበር። መንደሩ ሁሉ ሥጋና አይብ ቀርቦለት ሲደሰት ያያ እኔን ብቻዬን ላለመተው በዓሉ ባለፈ ማግስት የጾም ምግብ ጣዱ። ቤት ውስጥ የቀረው የጾም እህል ፋቫ ነበር። የ80 ዓመት ሴት ከፈሰኩ በኋላ ስለ እኔ ሲሉ ጾም ሲሠሩ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቢጫውን ገንፎ ሳሕኑ ላይ ዘረጉት፤ መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርገው የወይራ ዘይት ሞሉበት። ጥሬ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ከግንብ ስንጥቅ ውስጥ ራሳቸው ለቅመው ፀሐይ ላይ ያደረቁትን ኬፐር የሚባል ቁጥቋጦ እንቡጥ በተኑበት። አማተብኩና በዳቦ ቆርሼ ጎረስኩ። ጣፈጥ ይላል፤ ከሽሮ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ በመጨረሻ የሎሚውና የኬፐሩ ኩምጣጤ ያነቃዋል። አለቀስኩ። ያያ ምክንያቱን አልጠየቁም።

በማግስቱ የተረፈውን በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በኬፐር አቁላልተው መልሰው አቀረቡት። ለዚህ ትራፊ እንኳ ስም አለው፤ «ያገባ ፋቫ» ይሉታል። ትራፊ ምግብ እንዲህ ተከብሮ ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

ስለ ስም ካነሣሁ አይቀር፣ ጽሑፋችሁ የዘለለውን ልጨምር። አክሮቲሪ የምትባለው የደሴቲቱ ጥንታዊ ከተማ እሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ ከቀበራት ከ3,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ይኸው የፋቫ ዘር እዚያ ተገኝቷል። ዛሬ «የሳንቶሪኒ ፋቫ» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሳንቶሪኒና በዙሪያዋ ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ያልበቀለ እህል በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ትንሿ ቲማቲማቸውም እንዲሁ ተጠብቃለች። ይህ የሆነው ደሴቲቱ ሀብታም ስለነበረች አይደለም። ያያ በ1948 ዓ.ም. (በእነሱ 1956) የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ አይተዋል፤ ብዙ ቤት ፈረሰ፣ ብዙ ሰው አገር ለቆ ሄደ፣ የቲማቲም ፋብሪካዎቹም እያደር ተዘጉ። ፋቫ የድኃ ምግብ ነበር። «በልጅነቴ ፋቫ ስለ ጠገብኩ ሥጋ ያማረኝ ነበር» ይሉኝ ነበር ያያ። አሁን ያው ፋቫ ባሕሩን ቁልቁል በሚያዩ ሆቴሎች ከሌላው ምግብ ቀድሞ ይቀርባል።

ጽሑፉ ቲማቲም ጥብሱን፣ ነጩን ባዲንጃንና ከደረቀ ወይን የሚጠመቀውን ጣፋጭ ወይን ጠጅ በደንብ ገልጾታል፤ እዚያ ላይ ነቀፋ የለኝም። «ኮፓኒያ»ን ግን ረስቷል። የገብስ ደረቅ ዳቦ ከዘቢብ ጋር በሙቀጫ ተቀጥቅጦ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ ሰሊጥ ላይ ይንከባለላል። ወደ እርሻ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚሄድ ስንቅ ነው። ለያያ ከባሕር ዳር የወሰድኩላቸውን በሶ በማር ለውሼ ሳቀምሳቸው፣ ጣታቸውን ልሰው «ይህማ የእኛ ነው» አሉኝ። ገብስ የሚያውቁ ሁለት ሕዝቦች ተገናኙ።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ፤ የከነከነኝ ነገር ያለው እዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለምግብ ቤቴ ሽሮ ላስፈጭ ከገበያ «የሽምብራ ክክ» ብለው የሸጡልኝን ገዛሁ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ሳበጥር፣ ከሽምብራው መሐል እነዚያ ሽብልቅ የሚመስሉ ማዕዘናም ፍሬዎች አፈጠጡብኝ። ጓያ ነው። አንድ ሁለት ፍሬ አልነበረም፤ ከአራት እጅ አንዱ ይሆናል። ነጋዴው ጋ ተመልሼ ስሄድ «ሁሉም ይቀላቅላል፣ ዋጋውም ለአንቺ ይቀንስልሻል» አለኝ። በንዴት እጄ እየተንቀጠቀጠ ክኩን መልሼለት ወጣሁ። አልፎ አልፎ የተቀላቀለ ሽሮ የበላ ሰው ወዲያው እንደማይሰበር አውቃለሁ። ነገር ግን ገንዘብ ሲያጥረው በየቀኑ ሽሮ ብቻ የሚበላው ማን ነው? ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ያው የ17 ዓመቱ ጎረምሳ ነው። ስሙ ቢነገረው ይመርጥ ነበር፤ ቢያንስ ዘፍዝፎ ውኃውን ይደፋ ነበር። እርግጥ መዘፍዘፍም መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የተሸጠለት ግን በሽምብራ ስም ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ባቄላ የምትለዋ ቃል የቆረቆረችኝ ስለዚህ ነው። እዚያ ደሴት ላይ እህሉ በስሙ ስለተጠራ ከሌላ እህል ጋር የሚያደባልቀው ሰው በሕግ ይጠየቃል። እዚህ ስሙ ስለተፈራ በሌላ ስም ተሸፍኖ ድኃው ጓዳ ይገባል። ጋዜጣ ደግሞ የእህልን ስም ሲያሳስት ነገሩ በመሸፈኛው ላይ መሸፈኛ ይሆናል። አንባቢ ደግሞ በሌላ በኩል እንዳይሳሳትብኝ፦ ፋቫ የጓያ እኅት ናት ማለቴ «ጓያም እንደ ፋቫ ይበላ» ማለት አይደለም። ዘሩ ሌላ ነው፤ ያያም ፋቫን የሚበሉት በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ ከዳቦ፣ ከቲማቲምና ከዓሣ ጋር ነበር። መርዙ አነስተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ በአገራችን ተመራማሪዎች ወጥቷል፤ «ዋሴ» ይባላል። ስለ እሱ፣ ስለ አዘገጃጀቱና ስለ አደጋው የሚያውቅ ባለሙያ በዓምዳችሁ ቢጽፍ ከብዙ የውጭ አገር የምግብ አሠራር የበለጠ ለእኛ ይጠቅመናል።

ሌላም አለ። ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ባለፈው ሁዳዴ ከውጭ ከመጣች ወዳጄ ጋር ገብቼ ነበር። የምግብ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስፓጌቲ አለ፣ ሳንድዊች አለ፣ ፒዛ አለ። በጾም ክፍሉ ውስጥ «በያይነት» ከምትል አንዲት ቃል በቀር ምንም የለም። አስተናጋጁን «የሽምብራ ዓሣ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዓሣ ነው ሽምብራ?» አለኝ። ልጁ አልቀለደም፤ አያውቀውም።

የሽምብራ ዓሣን እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው። የሽምብራውን ዱቄት በጥቂት ዘይትና በጨው ጠንከር አድርጋ ታሽና ታሳርፈዋለች። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች መዳፏ ላይ ዓሣ ትቀርጻለች፤ ጅራቱን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ፣ ዓይኑን በስንጥር ወጋ፣ ቅርፊቱን በማንኪያ ጫፍ ጫር ጫር ታደርጋለች። ዘይት ውስጥ ጠብሳ ታወጣውና በርበሬው በደንብ በተቁላላ የጾም ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች። ዓሣው ወጡን እየመጠጠ ያብጣል። ጣና ዳር ተቀምጠን፣ እውነተኛው ዓሣ ውኃው ውስጥ እየዘለለ፣ ዓሣ በጾም አንበላም ያሉ እናቶች ከሽምብራ ዓሣ ቀርጸው ልጆቻቸውን አበሉ። ለፋሲካ ደግሞ ቆሮሶ የሚባለው እውነተኛው የጣና ዓሣ በተራው ይመጣል። ይህን ለእንግዳ የማንነግረው ለምንድን ነው? ያያ ይህን ቢያዩ ኖሮ ለመንደሩ ሁሉ እየዞሩ ይናገሩ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ወደ አገሬ ስመለስ ያያ አንድ ኪሎ ፋቫ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ወደ ደምቢያ ይዤው ሄድኩ። አጎቴ በረንዳው ላይ፣ ሁለቱ ዱላዎች አጠገቡ ተጋድመው፣ ተቀምጦ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቼ መዳፉ ላይ ጥቂት አፈሰስኩለት።

«ምንድን ነው?» አለ።

«የጓያ እኅት ናት፣ አያ። በሰው አገር ነው የምትበቅል።»

በጣቱ እያሸ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አያት። «እዚያ ሰው ትሰብራለች?»

«ከዳቦና ከዓሣ ጋር ነው የሚበሏት። እኔ ሰባት ዓመት ስኖር የተሰበረ ሰው አላየሁም።»

«ትበቅላለች?»

«ተከክታለች፣ አያ፤ አትበቅልም።»

አንዲትም ፍሬ ሳትወድቅ መልሶ ቋጠሮው ውስጥ አፈሰሳትና ቋጠሮውን ራሱ አሰረው። እንድቀቅልለት አልጠየቀኝም፤ እኔም አላልኩም። ቤት ወስጄ ለእናቴ ሠራሁላት። እንፋሎቱ ሲወጣ እናቴ ከምድጃው አልራቀችም፤ እጄን ይዛ ከእኔ ጋር ቆመች።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ፋቫ የቀረበበትን ሳሕን ሥዕል ጋዜጣው ላይ ሳይ ያ መዳፉ ነው የታየኝ፤ ከሥዕሉ በታች «የባቄላ ክክ» ይል ነበር። እባካችሁ በሚቀጥለው እትማችሁ «ባቄላ» የሚለውን ሰርዛችሁ «የጓያ ዘመድ የሆነ፣ በሳንቶሪኒ የሚበቅል ጥራጥሬ» ብላችሁ አውጡልኝ። የሽምብራ ዓሣ አሠራር ለዓምዳችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምግብ ቤቴ አለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይታዘዝ እሠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር